ካርቦን የለበሰ ውሸት

«ለፍጥነት የተሠራ» እየተባለ የሚሸጥ የሸራ ጀልባ ውስጥ ገብታችሁ የቁም ሳጥኑን በር ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ እከፍታለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ፣ የጀልባ የውስጥ ሥራ አናጺ ነኝ። በሩን ስስበው እጄ ላይ የሚያርፈው ክብደት ደሜን ያፈላዋል። ከውጭ ስታዩት ምሰሶው ካርቦን ነው፤ ሸራው በብዙ ሺህ ዶላር የተሰፋ ነው፤ አካሉ በኮምፒውተር ተነድፎ በስሌት የተቀረጸ ነው። ከውስጥ ግን ድፍን ጣውላ፣ እምነ በረድ፣ ወፍራም መስታወት፣ አንዳንዴም የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ይህ ሸራ የተሰቀለበት ሳሎን ነው። ፈጣን ነው ብሎ የሸጠው ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዋሽቷል።

ቦታውን ለማታውቁት ሁለት ቃል ልበል። አናፖሊስ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ በ1845 የተመሠረተው እዚህ ነው፤ በ1970 የተጀመረው ትልቁ የሸራ ጀልባ ትርኢት የሚካሄደውም እዚሁ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ስንገናኝ የአገሬ ልጆች «ቀኑን ሙሉ የሀብታም መጫወቻ ስትጠግን ውለህ ደግሞ ትናደዳለህ?» ይሉኛል። አዎ፣ እናደዳለሁ። ሀብታም ገንዘቡን ባሻው ቢያጠፋው ጉዳዬ አይደለም። የሚያናድደኝ እጄ በውሸቱ ውስጥ መኖሩ ነው።

አንድ በር ልስጣችሁ። 50 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ የቁም ሳጥን በር። ከ18 ሚሊ ሜትር ድፍን ቲክ ከተሠራ 7 ኪሎ ይመዝናል። ይህንኑ በር ከመሐሉ ኖሜክስ የሚባል፣ የማር እንጀራ መልክ ያለው ጠንካራ ወረቀት አስገብቼ፣ ግራና ቀኙን ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር ፋይበር ግላስ አልብሼ፣ ላዩ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር የቲክ ልጣጭ ለጥፌ፣ ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ጠርዤ ስሠራው ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ልዩነቱን አያውቅም። ዓይኑ የሚያርፈው ያችው ከወረቀት ትንሽ የወፈረች ልጣጭ ላይ ነው። የቀረው እንጨት ለማንም አይታይ፣ ማንንም አያስውብ፤ ጀልባው ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው ጭነት ብቻ ነው። እስቲ በአንድ ጀልባ ውስጥ ስንት በር፣ ስንት መሳቢያ፣ ስንት የአልጋ ጣውላ፣ ስንት የወለል ክዳን እንዳለ አስቡት።

ምሥጢሩ አዲስ አይደለም። ጠፍጣፋ ነገር ሲታጠፍ ጫናውን የሚችሉት ሁለቱ ፊቶቹ ናቸው፤ አንደኛው ይሳባል፣ ሌላኛው ይጨመቃል። የመሐሉ ሥራ ሁለቱን አራርቆ መያዝ ነው። አራርቆ ለመያዝ ደግሞ በሜትር ኩብ 650 ኪሎ የሚመዝን ቲክ አያስፈልግም፤ 80 ኪሎ የሚመዝን የፒቪሲ ፎም ወይም 48 ኪሎ የሚመዝን ኖሜክስ ይበቃል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞስኪቶ የተባለውን አውሮፕላን ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት በስስ የበርች ኮምፔንሳቶ መሐል አስገብተው ሠርተውት በሰማይ ላይ አብርረውታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ቦይንግ 787ን ሲረከብ ስንት ደስታ ነበር! ወደ አገር ቤት ስትበሩ ሻንጣችሁን የምትከቱበትን ከራስ በላይ ያለ ሳጥንና የጎኑን ግድግዳ ልብ ብላችሁ እዩ። የአውሮፕላን የውስጥ ዕቃ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ የማር እንጀራ ነው። አየር መንገድ በድፍን ጣውላ አይቀልድም፤ እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ መሆኑን ያውቃል። የጀልባ ሻጭም ያውቃል። ገዢው እንደማይመዝን ደግሞ ከዚያ በላይ ያውቃል።

አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ጡረታ ሲወጡ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝተው፣ ውስጡን እንዳድስላቸው ጠሩኝ። የማር እንጀራውን ናሙና ሳሳያቸው ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ እንጨት እንጨት ያልሸተተ ጀልባ ምኑ ጀልባ ነው?»

«ጋሼ፣ ላዩ እኮ እንጨት ነው። ይሸታል።»

«ውስጡ ግን ወረቀት ነው ብለኸኛል።»

«በዚያ ወረቀት አይደል እንዴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚመላለሱት?»

ሳቁ፤ በሩን ግን አላስቀየሩም። እሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። የገዙት ከባድ መሆኑን አውቀው ነው፤ ሻጩም ፈጣን ነው ብሎ አልሸነገላቸውም፤ ቀስ ብለው ሄደው፣ ቡናቸውን አፍልተው፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። የእሳቸው ጀልባ ከባድም ሆኖ ሐቀኛ ነው። ጸቤ «ከባድ» የሚለውን ደብቆ «ፈጣን» የሚለውን በወርቅ ፊደል ከሚጽፈው ጋር ነው።

ከዚህ ቀደም በሠራሁበት አንድ የጀልባ መሥሪያ ግቢ የታዘዝኩትን ልንገራችሁ። 18 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ቀረበልኝ። እሱ ብቻውን በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ነው። «ካርቦን አልብሰው» ተባልኩ። ስስ የካርቦን ጨርቅ በኢፖክሲ ለጠፍኩበት፤ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ደጋግሜ ረጨሁ፤ አሸት አሸት አድርጌ እንደ መስታወት አስወለወልኩት። ሲያልቅ ጠረጴዛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ከብዶ ቁጭ አለ! ከዚያ ሻጩ እንግዶቹን አስከትሎ መጥቶ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየዳበሰ «ሁሉንም ነገር አቅልለነዋል» አለ። እኔ እዚያው ጥግ መሣሪያዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ካርቦን የቅለት ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የቅለት ጭምብል ሆኗል። እንደ ካርቦን የተሸመነ መልክ የታተመበት ፕላስቲክ የሚለጥፉም አሉ፤ እነሱ ቢያንስ ጭምብሉን በርካሽ ነው የገዙት።

ጀልባ ከውሃ የሚያወጣው ባለ ማሰሪያ ክሬን ሚዛን አለው። እኔ በዚህ ዓለም ላይ ከማከብራቸው ነገሮች አንዱ ያ ሚዛን ነው፤ ኮሚሽን አይበላም። ብሮሹሩ 9 ቶን ያለው ጀልባ ክሬኑ ላይ 11 ቶን ሲጠጋ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። ሻጩ ተጠይቆ «እሱ እኮ ባዶ ሳለ ነው» ብሎ መለሰ። ባዶ ሳለ ማለት ያለ ውሃ፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ፍራሽ፣ ምናልባትም ያለ በር። እንዲህ ያለው መልስ ውሃ አያነሳም፤ ጀልባው ግን ውሃውን ያነሳዋል፣ ክብደቱን በሚያህል መጠን። አርኪሜድስ ይህን ከተናገረ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ። ከመካከላቸው ብልጦቹ በሂሳብ ይመጣሉ። 12 ሜትር የሆነ ጀልባ የውሃ ላይ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ለማስጠም 200 ኪሎ ያስፈልጋል። ውስጡ 50 ካሬ ሜትር ጣውላ ቢኖርና ከ12 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ ብናወርደው የሚቀነሰው 400 ኪሎ ነው። «ስለ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» ይሉኛል።

ሂሳቡ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ቀልድ ነው። 400 ኪሎ ማለት አምስት ሙሉ ሰው ነው፤ ቀን ከሌት ከጀልባው የማይወርዱ፣ ገመድ የማይስቡ፣ ሰሃን የማያጥቡ አምስት እንግዶች። ደግሞ የክብደቱ ቦታ ከመጠኑ ባልተናነሰ ይወስናል። ከታች፣ ኪል በሚባለው የጀልባው የታችኛው ክፍል ላይ ያለ ክብደት ጀልባውን ያቆመዋል፤ ከራስ በላይ በተሰቀለ ሳጥን ውስጥ ያለው ያጋድመዋል። ጫፍና ጫፉ ላይ ዕቃ የታሰረበትን ዱላ ከመሐሉ ይዛችሁ ለማወዛወዝ ሞክሩ፤ ከዚያ ዕቃውን ወደ እጃችሁ አስጠጉና ድገሙት። አፍንጫው ላይ የእንግዳ መኝታ ቤት በድፍን እንጨት የተሠራለት፣ እዚያው ላይ 60 ሜትር ሰንሰለት የተከመረበት ጀልባ ማዕበል ሲመጣ እንደዚያ ዱላ ነው፤ ይሰግዳል፣ ይቆማል፣ ይሰግዳል፣ ወደፊት ግን አይሄድም። የ10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት በሜትር ከ2 ኪሎ በላይ መሆኑን እያሰባችሁ። ክብደት ሌላ ክብደት ይወልዳል፤ የከበደ ጀልባ ትልቅ ሸራ ይፈልጋል፣ ትልቅ ሸራ ወፍራም ምሰሶና ገመድ፣ ያ ደግሞ ከባድ ኪል፣ ከዚያ ትልቅ ሞተር፣ ከዚያ ብዙ ነዳጅ።

አናፖሊስ ያለችበትን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጁላይና ኦገስት ነፋሱ ይሞታል። ቀላል ጀልባ በዚያች ትንፋሽ በምታክል ነፋስ ሹልክ ብሎ ሲሄድ፣ «ለፍጥነት የተሠራው» ሳሎን ሸራውን ጠቅልሎ ሞተሩን ያስነሳል። ከባሕር ዳርቻው ቆሜ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ! የካርቦን ምሰሶ ያለው ጀልባ በናፍጣ እየተነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ።

ሌሎቹ ደግሞ ታሪክ ይጠቅሱልኛል። በ1973 በተጀመረው የመጀመሪያው የዊትብሬድ ዓለምን የመዞር ውድድር ሜክሲኳዊው ራሞን ካርሊን «ሳዩላ ሁለት» በተባለች፣ ከፋብሪካ በወጣች፣ የቤት ዕቃዋ የተሟላ ስዋን 65 ጀልባ አሸነፈ። እውነት ነው፤ ለካርሊንም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ያሸነፈው በማስተካከያ ስሌት በተሰላ ሰዓት ነው፤ ቀድሞ በመግባት አልነበረም። አራት ዓመት ቆይታችሁ ተመልከቱ። በ1977 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ አካባቢ፣ ቢል ሊ የሚባል ሰው የዶሮ ቤት በነበረ ግቢ ውስጥ «መርሊን»ን ሠራ። ርዝመቷ 68 ጫማ ነው፤ ከሳዩላ ትንሽ ትረዝማለች። ክብደቷ ወደ 11 ቶን ነበር፤ የስዋኗ ከ30 ቶን ያልፋል። መርሊን በዚያው ዓመት ከሎስ አንጀለስ ሆኖሉሉ በሚደረገው የትራንስፓክ ውድድር 8 ቀን ከ11 ሰዓት ገባች፤ ሪከርዱን ለ20 ዓመት ማንም አልነካውም። ያ ሰው የካርቦን ጌጥ አልለጠፈም። የማያስፈልገውን አላስገባም፤ በቃ።

ወደ ሌላው ጫፍ ሂዱ አላልኩም። ቬንዴ ግሎብ ላይ ብቻቸውን ዓለምን የሚዞሩት ሰዎች ጀልባ ውስጡ ራቁቱን የቀረ ካርቦን ነው፤ ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፤ ጩኸቱ ሰውን ያሳብዳል። ሻርሊ ዳሊን በ2025 መጀመሪያ ላይ በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ዞሮ ሲያሸንፍ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቅዳሜን ሊዝናና ለሚወጣ ሰው ግን ባልዲ አልመክርም። በሩም ይኑር፣ አልጋውም ይኑር፣ ምድጃውም ይኑር። በምን እንደሚሠራ ብቻ ነው ክርክሩ።

ቀላል ዕቃ ጣጣ የለውም ብዬም አልዋሽም፤ ሌሎችን ስለ ውሸት ስከስ ውዬ። ስስ ሰሌዳ እንደ ከበሮ ይጮኻል። የማር እንጀራው በጉልበት ከተመታ ይሰረጉዳል። ማጠፊያ በብሎን ብቻ አይያዝም፤ መሐሉን ፈልፍዬ አውጥቼ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሞልቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ከዚያ ነው የምበሳው። ካርቦንና ፋይበር ግላስ ሲሞረድ አቧራው ቆዳን ይበላል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ያለ ጭምብል የሚያሠራ አለቃ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ውጡ። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃ ነው። ጠርዙ በደንብ ያልታሸገ ሰሌዳ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣ ደግሞ ቅለቱም ጥንካሬውም አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ጣና ላይ ያደገ ሰው ከእኔ በፊት ያውቀዋል። የደንገል ታንኳ ደረቅ ሲሆን ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታዋል። ያ የጣና ደንገል አትላንቲክንም አይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ከሞሮኮ የተነሳባት «ራ» የተሠራችው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ደንገል ነበር፤ የኋላዋ እየዘቀጠ፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ፣ ካሪቢያን ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ 3 ሜትር ያህል አሳጥሮ ያሠራት «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። በቀላል ነገር የሚሠራ ሰው የውሃን መግቢያ ሁሉ መዝጋት አለበት። ይህ ትጋት ይጠይቃል፤ ድፍን ጣውላ ግን ሰነፍ ሠራተኛን ይታገሳል። ብዙ ግቢዎች ጣውላን የሙጥኝ የሚሉበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ደንበኛው ወደደው የሚባለው ሰበብ ነው።

ቲኩስ ከየት ነው የሚመጣው? ዓለም የሚመኘው ቲክ የበርማ፣ የዛሬዋ ማያንማር ነው። አሜሪካ በ2021፣ ከወታደራዊው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ የማያንማርን የመንግሥት የእንጨት ድርጅት ማዕቀብ ውስጥ አስገብታዋለች። በ0.6 ሚሊ ሜትር ልጣጭ ከአንድ ግንድ ስንት ጀልባ እንደሚለበስና በ18 ሚሊ ሜትር ድፍን ጣውላ ስንት እንደሚለበስ ማስላት ለማንም አይከብድም። የጫካው ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ልለፈው።

«ውድ ነው» የሚለው ደግሞ አለ። ኖሜክስ ውድ ነው፣ አልክድም። ግን ማን ኖሜክስ ብቻ አለ? በጋቦን ኦኩሜ እንጨት የሚሠራው የባሕር ኮምፔንሳቶ ከበርቹ በሲሶ ገደማ ይቀላል፤ ዋጋውም የሚያስደነግጥ አይደለም። በፍራሽ ሥር ያለውን የአልጋ ጣውላ ክብ ቀዳዳ በሚያወጣ መጋዝ መብሳት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍራሹም አየር ያገኛል። የመስታወቱን በር በአክሪሊክ ብትተኩት ክብደቱ በግማሽ ይወርዳል። 20 ሚሊ ሜትር እምነ በረድ በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ነው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ እምነ በረድ ያስፈለገው ማን ነው? ፎርማይካ የተለጠፈበት የፎም ሰሌዳ ላይ ቁርጥ ብሎ ይከተፋል። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሊድ ባትሪ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ የሊቲየሙ ከግማሽ በታች ነው፤ በሚያውቅ ሰው እስከተገጠመ ድረስ። ከዚያ ደግሞ በነፃ የሚገኘው አለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተገዛው የታሸገ ምግብ፣ ማንም ያላነበበው የመጽሐፍ ክምር፣ የተበላሸው ፓምፕ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠበት ሳጥን። አንድ ባለቤት ጀልባዬ ዘገየብኝ ብሎ አዲስ ሸራ ሊያሰፋ ሲል፣ መጀመሪያ የወለሉን ክዳን ከፍተን ከሥሩ ያለውን እናውጣ አልኩት። ያወጣነው ዕቃ የመትከያውን መድረክ ሞላው። ሸራውን አላሰፋም። ሸራ ሰፊው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናንተም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። የሠራችሁትን በር ሳትመዝኑ አትግጠሙ። ዋጋ ስትሰጡ ኪሎውንም ጻፉ። ካርቦን በኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፉ ስትባሉ ምን ያህል እንደሚከብድ በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡት፤ ከዚያ ከፈለገ ይለጠፍለት፤ ገንዘቡ ነው።

እናንተ ገዢዎች ደግሞ፣ ኦክቶበር ላይ ትርኢቱ ሲከፈት ስትመጡ ሻንጣ የሚመዘንባትን ትንሽ የእጅ ሚዛን ይዛችሁ ኑ። ሻምፓኙን ተቀበሉ፣ ጠጡ፤ ግን ሶፋው ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት የወለሉን ክዳን አንሱና መዝኑ፣ መሳቢያውን ሳቡና መዝኑ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ጠርዙን በጥፍራችሁ ነካክታችሁ ውስጡ ምን እንደሆነ ጠይቁ። በመጨረሻ ጀልባው፣ ይኸው ራሱ ከነዕቃው፣ በክሬን ሚዛን የተመዘነበትን የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ። ካልሰጣችሁ ቼኩን አትፈርሙ።